የመጀመሪያዎቹ 100 የሥራ ቀናት
በኩዌት ከተማና በአካባቢዋ በሚገኙ ቢሮዎች በልምምድና በሙከራ ቅጥር ላይ ላሉ ዜጎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ዓርብ ነው። ለብዙዎቻችሁ የሳምንቱ ብቸኛ የዕረፍት ቀን መሆኑን አውቃለሁ። ከፋሃሂልና ከመህቡላ ሁለት አውቶቡስ ቀይራችሁ፣ በዚህ ሙቀት ቆማችሁ ጠብቃችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁም አይቻለሁ። ስለዚህ ጊዜያችሁን በረጅም መግቢያ አልወስድባችሁም።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ከ11 ዓመት በፊት በሹወይኽ ወደብ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት በልምምድ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ወደዚህ አገር የመጣሁ፣ ዛሬም በሸርቅ በሌላ መሥሪያ ቤት በሰነድ ሥራ ላይ የምገኝ ሴት ነኝ። የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ እንድናገር የጋበዘኝ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሠራሁትን ስሕተት ሳልደብቅ እንድነግራችሁና ከሕጉ ጋር እንዳገናዝበው ነው።

አስቀድሜ ንግግሬ እነማንን እንደሚመለከት ልግለጽ። በኩዌት ከሚኖሩ ወገኖቻችን አብዛኞቹ በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩ ናቸው። የእነርሱ መብት የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ቁጥር 68 ሕግ ነው። እኔ የምናገርለት የግሉ ዘርፍ የሥራ ሕግ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ2010 ቁጥር 6፣ የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። በየትኛው ሕግ ሥር እንዳላችሁ ለማወቅ የኢቃማችሁን ዓይነት ተመልከቱ። አንቀጽ 18 የሚል ከሆነ የድርጅት ሠራተኛ ናችሁ፤ አንቀጽ 20 የሚል ከሆነ የቤት ሠራተኛ ናችሁ። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ አይታያችሁ። በአንቀጽ 20 መጥቶ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ክርክር በተነሣ ጊዜ ስለ ደመወዙ ከመጠየቁ በፊት ስለ መኖሪያ ፈቃዱ እንዲመልስ ይገደዳል። በጉብኝት ቪዛ አስገብቶ «መጀመሪያ ተለማመጂ፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» የሚል አሠሪ ቢያጋጥማችሁ ደግሞ ልምምዱ አንድ ቀን ሳይጀመር ወደዚህ ጽሕፈት ቤት ኑ። በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው።

አሁን ወደ ሹወይኹ ቢሮ ልመልሳችሁ።

ሥራ አስኪያጁ ሊባኖሳዊ፣ የሒሳብ ሹሙ ግብፃዊ፣ የሰነድ ክፍሉ ኃላፊ ከሕንድ የኬረላ ሰው፣ እንግዳ ተቀባይዋ ፊሊፒናዊት፣ ሾፌሩ ባንግላዴሻዊ ነበሩ። የመንግሥት ጉዳይ የሚያስፈጽመው ማንዱብ ኩዌታዊ ነበር። ኢሜይል የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ ጉምሩክ የሚሄደው ወረቀት ሁሉ በዓረብኛ ነው። በሻይ ሰዓት ማላያላም ይሰማል፤ ሾፌሩና የሰነድ ክፍሉ ሰዎች ደግሞ በሂንዲ ይግባባሉ። እኔ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ከጉዞ በፊት የተማርሁት ጥቂት ዓረብኛ ይዤ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ማንዱቡ «ሽሎኒች» ሲለኝ የሥራ ትእዛዝ መስሎኝ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ለካ «እንደምን አለሽ» ማለቱ ነበር! እኔ የተማርሁት የግብፁን «ኢዘይክ» ነበርና። የኩዌት ሰው «አሁን» ሲል «አል ሒን» ይላል፤ ግብፃዊው «ዲልወእቲ» ይላል። ሁለቱም ዓረብኛ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ቢሮ ውስጥ በአንድ ጠዋት ትሰማላችሁ። ስለዚህ ዓረብኛ አልገባኝም ብላችሁ አትፈሩ፤ የትኛው ዓረብኛ እንዳልገባችሁ ለዩ።

የእኛ ቋንቋ ከዓረብኛ ጋር ዘመድ መሆኑ ይረዳናል። ቤት፣ ስም፣ ራስ፣ ደም፣ ሰማይ፣ ነፍስ፣ ሰባት የመሳሰሉትን ጆሮአችን ቶሎ ይለያቸዋል። ዝምድናው ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳፍራል። እኔ አንድ ቀን በስልክ ከአገሬ ልጅ ጋር ስነጋገር «ከልብ፣ ከልብ አመሰግናለሁ» እያልሁ ደጋገምሁ። የሒሳብ ሹሙ ቀና ብሎ አየኝ። «ከልብ» በዓረብኛ ውሻ ነው። ማንን እየሰደብሁ እንደ ሆነ ለመረዳት ሞከረ መሰለኝ።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው «እሺ» የምንለው ቃል ነው።

እኛ ያደግነው ታላቅ ሲናገር አቋርጦ መጠየቅ ነውር በሆነበት ቤት ነው። ባይገባንም እሺ እንላለን፤ ይሉኝታ ይይዘናል፤ በኋላ ሰው ጠይቀን እንደርስበታለን ብለን እናስባለን። በአገር ቤት ይህ ያስኬዳል፤ የሚጠየቅ ሰው አለና። በብዙ ቋንቋ ቢሮ ግን «የስ» ማለት «ገብቶኛል፤ ኃላፊነቱንም ወስጃለሁ» ማለት ነው። እኔ በሦስተኛው ሳምንት የሁለት ኮንቴይነሮች ሰነድ ወደ የትኞቹ ደንበኞች እንደሚላክ በጥድፊያ ተነግሮኝ «የስ፣ የስ» አልሁ። ሰነዶቹ ተለዋውጠው ሄዱ። ኮንቴይነሮቹ ወደቡ ላይ ተጨማሪ ቀናት ቆሙ፤ ኪራዩም ተቆጠረ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቀኝ «አልገባኝም ነበር» አልሁ። «ታዲያ ለምን የስ አልሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ የኬረላው ኃላፊ አንድ ልማድ አስተማረኝ። ትእዛዝ ሲሰጠኝ የገባኝን መልሼ በራሴ ቃል እነግረዋለሁ፤ ከዚያም ያንኑ በሁለት መስመር ኢሜይል ወይም ዋትስአፕ እጽፍለታለሁ። «ዛሬ ከቀትር በፊት የመጀመሪያውን ሰነድ ለእገሌ፣ ሁለተኛውን ለእገሌ እልካለሁ።» ስሕተት ካለ ያርመኛል። ይህን የማደርገው ለሥራው ብዬ ነበር። የእነዚያ አጫጭር መልእክቶች ሌላ ጥቅም የገባኝ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች ልጨምር። አዎ ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስንስብ ባዕድ ሰው ይደነግጣል፤ ፊሊፒናዊቷ ባልደረባዬ ያመመኝ መስሏት ውኃ ይዛልኝ ሮጣ መጥታለች። ሰዓትን በተመለከተ ኩዌትና ኢትዮጵያ በፀሐይ አንድ ናቸው፤ አቆጣጠራችን ግን በስድስት ሰዓት ይለያያል። «በሁለት ሰዓት» የተባለ የጣት አሻራ ቀጠሮ የእነርሱ ሁለት ሰዓት፣ ማለት በእኛ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ነው። እኔ በጠዋት ሄጄ ስድስት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

የዓረብኛ አኃዝን ግን ጥቃቅን አልለውም። በዓረብኛ ወረቀት ላይ አምስት የምትጻፈው እኛ ዜሮ በምንለው ክብ ምልክት ነው፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ቢሄድም ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በተጨማሪም አንድ ዲናር 1000 ፊልስ ስለ ሆነ ደመወዝ የሚጻፈው ከነጥብ በኋላ በሦስት አኃዝ ነው። አንድ መቶ ኀምሳ ዲናር 150.000 ተብሎ ይጻፋል። ይህን መቶ ኀምሳ ሺህ ብሎ አንብቦ ለቤተሰቡ የደወለ ወንድም አውቃለሁ። ዘጠኙንም አኃዝና ነጥቧን ዛሬ ማታ ተማሯቸው፤ ከአንድ ምሽት በላይ አይወስድም። ውል ስታነቡ ፊደሉን ባታውቁ እንኳ ደመወዙን፣ ቀኑንና የወራቱን ቁጥር ራሳችሁ ታያላችሁ።

እኔ ያን ጊዜ አላውቃቸውም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማንዱቡ በዓረብኛ የተጻፉ አራት ገጾች ይዞ መጣና በየግርጌው በጣቱ እያሳየ «እዚህ ፈርሚ፣ እዚህም» አለኝ። ለኢቃማ ነው አለ። ከአራቱ ሦስቱ እውነትም ለኢቃማና ለባንክ ሒሳብ ነበሩ። አራተኛው ድርጅቱ ስላሠለጠነኝ ሦስት ዓመት እንዳገለግል፣ ከዚያ በፊት ብለቅ 600 ዲናር እንድከፍል የሚያስገድድ ነበር። ፈረምሁ። ግልባጩንም አልጠየቅሁም።

እዚህ ላይ ሕጉ የሚለውን ቆም ብለን እንመልከት። የሥራ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ ለሠራተኛው፣ አንዱ ለአሠሪው፣ ሦስተኛው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ነው። የተፈረመበትና የሚጸናበት ቀን፣ ደመወዙ፣ የተወሰነ ጊዜ ካለው ጊዜው፣ የሥራው ዓይነት በውስጡ መገኘት አለባቸው። ውሉ በዓረብኛ ይጻፋል፤ የሌላ ቋንቋ ትርጉም ሊታከልበት ይችላል። ልዩነት ከተገኘ ግን የሚጸናው ዓረብኛው ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ያነበባችሁት ገጽ ብቻውን አያድናችሁም። ለፈረማችሁት ሁሉ ፎቶ አንሡ፤ ለመፈረም ስትጠየቁም «ዛሬ ወስጄ አንብቤ ነገ ልፈርም» ማለት ነውር አይደለም። ቁጣ ቢመጣ እንኳ ያልፋል። በተለይ «ሙኻለሳ» የሚል ርእስ ያለበት ወረቀት ካያችሁ፣ ሁሉንም ክፍያ ተቀብያለሁ ማለት ነውና ገንዘቡ እጃችሁ ሳይገባ ብዕር አታንሡ።

የሙከራ ጊዜን በተመለከተ አንቀጽ 32 ከ100 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሥራ ቀናት መሆናቸውን ልብ በሉ፤ የዕረፍት ቀናት አይቆጠሩም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ወደ 17 ሳምንት፣ አምስት ቀን ለሚሠራ 20 ሳምንት ይሆናል። በአንድ አሠሪ ዘንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ለሙከራ መቀጠር የለም። «ሙከራሽን አራዝመናል» የሚል ደብዳቤ ስለዚህ ሕጋዊ መሠረት የለውም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላሉ። ይህ የሚያስፈራ ነው፤ አልዋሻችሁም። ነገር ግን አሠሪው ካቋረጠ የሠራችሁበትን ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ለዚያው ጊዜ የሚገባውን የአገልግሎት ክፍያ ጭምር ይከፍላል። «በሙከራ ላይ ስለ ነበርሽ ምንም የለሽም» የሚለው አባባል በቢሮዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

ልምምድ ከሙከራ የተለየ ነገር ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 12 ጀምሮ ሙያ ለመማር ስለሚቀጠር ሰው ይናገራል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ የሚማረውን ሙያ፣ ጊዜውን፣ ደረጃ በደረጃ የሚያድገውን ክፍያ ይገልጻል፤ በመጨረሻው ደረጃ ክፍያው ለተመሳሳይ ሥራ ከተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ አያንስም። ተለማማጁ ለመተው ከፈለገ የሰባት ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል። አስቀድሞ ተቀጥሮ ሥልጠና ለሚሰጠው ሠራተኛ ደግሞ በሥልጠናው ጊዜ ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል። ከዚያ የእኔን ጉዳይ የሚነካው አንቀጽ 17 ይመጣል። የሠለጠነ ሰው ከሥልጠናው በኋላ ለአሠሪው እንዲሠራ ግዴታ አለበት፤ የግዴታው ጊዜ ግን የሥልጠናው ጊዜ ያህል ነው፤ ቢበዛም ከአምስት ዓመት አያልፍም። ግዴታውን ከጣሰ አሠሪው የሥልጠናውን ወጪ ከቀረው ጊዜ ጋር በሚመጣጠን መጠን መጠየቅ ይችላል።

የእኔ ሥልጠና ሁለት ወር ነበር።

ከ14 ወር በኋላ የተሻለ ሥራ አገኘሁ። በወር ደመወዝ ለሚሠራ ሰው ሕጉ እንደሚለው የሦስት ወር ማስታወቂያ በጽሑፍ ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁ መሳቢያውን ከፍቶ ያን አራተኛ ገጽ አወጣ። 600 ዲናር። ያን ጊዜ እናቴ ታማ ገንዘብ እልክ ነበር፤ በእጄ የነበረው ከሰማንያ ዲናር አይበልጥም። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። አንዲት ጓደኛዬ «ዝም ብለሽ ጥፊ፤ ሄደሽ ሌላ ቦታ ሥሪ» አለችኝ። ይህን ምክር ለእናንተም የሚሰጣችሁ አይጠፋም። ሥራ ቦታ ሳይገኙ መቅረት አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ እንዲያመለክት ያስችለዋል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ 600 ዲናር መሆኑ ይቀርና ስለ ኢቃማ ይሆናል።

እኔ ወደዚህ ጽሕፈት ቤት መጣሁ። ወረቀቱ ተነበበልኝ፤ ወደ ሥራ ግንኙነት ክፍልም እንዳመለክት ተነገረኝ። ሰዉ እስካሁን በድሮ ስሙ «ሹኡን» የሚለው ማለት ነው፤ ዛሬ በሰው ኃይል ባለሥልጣን ሥር ነው፤ የምታመለክቱትም የድርጅታችሁ ፋይል በሚገኝበት ክፍል ነው። ሕጉ ሠራተኛ መጀመሪያ እዚያ እንዲያመለክት ያዛል። ክፍሉ ሁለቱን ወገኖች ጠርቶ ያስማማል፤ በአንድ ወር ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ያስተላልፋል። ሠራተኛው የፍርድ ቤት ክፍያ አይጠየቅም። ነገር ግን ውሉ ካበቃ አንድ ዓመት ካለፈ ክሱ አይሰማምና አትዘግዩ።

በስብሰባው ላይ ድርጅቱ ሥልጠናዬ ዓመት ሙሉ እንደ ነበረ ተናገረ። እዚህ ላይ ነው እነዚያ አጫጭር መልእክቶች የጠቀሙኝ። በሦስተኛው ወር መጀመሪያ የሰነድ ክፍሉ ኃላፊ «ከዛሬ ጀምሮ ሥልጠናሽ አልቋል፤ የእነዚህን ደንበኞች ሥራ ብቻሽን ትይዣለሽ» ብሎ የጻፈልኝ ኢሜይል ነበረኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የሠራሁት ሁሉ በመልእክት ተመዝግቦ ነበር። ድርጅቱ ደግሞ ለሥልጠናው ያወጣውን ወጪ የሚያሳይ አንድም ደረሰኝ አላቀረበም። በሁለተኛው ቀጠሮ ጥያቄውን አነሣ። ያን ኢሜይል የጻፈልኝ የኬረላው ሰው ለእኔ ምስክር እንደሚሆን አስቦ አልነበረም፤ ቢጠየቅም ዝም ይል ይሆናል፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። በስሙ ላስፈርደው አልፈለግሁም፤ ኢሜይሉ በቃኝ።

ሁሉን አላገኘሁም። በረመዳን የሳምንቱ የሥራ ሰዓት ወደ 36 እንደሚወርድ አላውቅም ነበር፤ እኔ እንደ ወትሮው 48 ሰዓት ሠርቼአለሁ። የትርፍ ሰዓቱን ስጠይቅ «የመዘገብሽው የት አለ?» ተባልሁ። የሰነድ ልውውጡን እንጂ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት አልጻፍሁም። እሱ ቀረ።

ስለዚህ ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከተከታታይ አምስት ሰዓት በላይ ሳያርፉ መሥራት የለም፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ባንክና መሰሎቹ የተለየ ሥርዓት አላቸው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከሁለት አይበልጥም፤ ከመደበኛው 25 በመቶ ተጨምሮበት ይከፈላል። በሳምንታዊ ዕረፍት ቀን ከሠራችሁ 50 በመቶ ይጨመራል፤ ምትክ ቀንም ይሰጣል። ደመወዝ ከቀኑ ከሰባት ቀን በላይ ሊዘገይ አይገባም። ብታመሙ የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ በዓመት የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት በሙሉ ደመወዝ ናቸው። ፓስፖርታችሁን አሠሪ መያዝ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ተከልክሏል፤ «ለጥንቃቄ ነው» ቢባልም።

አንድ ጉዳይ ለእህቶቼ በተለይ ልናገር። ኢትዮጵያዊት ስትታይ የቤት ሠራተኛ ናት ብሎ የሚገምት አለ። በቢሮ ሻይ ማፍላት የፈራሽ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን ፈራሹ ቢቀር ለባልደረባ ሻይ ማቅረብ አያዋርድም፤ እኔም አቅርቤአለሁ። ነገር ግን «ዛሬ ቢሮ አትግቢ፤ ሄደሽ የሥራ አስኪያጁን ቤት አጽጂ» ከተባለች ነገሩ ሌላ ነው። የቤት ሥራ የተከበረ ሥራ ነው፤ ብዙዎቻችን በእርሱ ቤተሰብ አሳድገናል። ግን የራሱ ሕግ፣ የራሱ ውል አለው። በቢሮ ውል ተቀጥራ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት እዚያ አደጋ ቢደርስባት በየትኛው ሕግ ትጠየቃለች? እምቢታችሁን በትሕትና፣ በጽሑፍ አድርጉት፤ በዚያኑ ቀንም አሳውቁን።

ሌላው አዲስ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአንቀጽ 18 ያለ ሠራተኛ ከአገር ከመውጣቱ በፊት አሠሪው ያጸደቀው የመውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጥያቄው በሳህል መተግበሪያ ይቀርባል። የሲቪል መታወቂያችሁ እንደ ወጣ መተግበሪያውን በስልካችሁ አስነሡ፤ መርዶ በመጣ ሌሊት የይለፍ ቃል መፈለግ ከባድ ነው። በፓስፖርቱ፣ በመታወቂያውና በባንክ ሒሳቡ ላይ ስማችሁ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም አረጋግጡ። የእኔ ስም በሁለቱ በተለያየ ፊደል ተጽፎ የመጀመሪያ ደመወዜ አምስት ቀን ታግዷል።

ከሥራ ስትለቁ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ጠይቁ፤ በነፃ ይሰጣል፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ጊዜና የመጨረሻውን ደመወዝ ይገልጻል፤ የሚጎዳ ቃል አይጻፍበትም። በሙከራ ጊዜ ለተሰናበተም ይህ መብቱ ነው።

ውላችሁን እንድትይዙ ተነግሯችሁ ነበር። የያዛችሁ አውጡት፤ ያልያዛችሁ ከጎናችሁ ካለው ጋር ተመልከቱ። መጀመሪያ የምንፈልገው በቁጥር የተጻፈውን ነው፤ ነጥቧ ዜሮ፣ ክቧ አምስት መሆኗን አትርሱ። ደመወዙ ያለበትን መስመር ያገኘ እጁን ያንሣ።